ቀጥ ያለው ውሃ

የውሃ አገልግሎት መሥሪያ ቤቱ ሰዎች እውነተኛ ስሟን ከረሱት ቆይተዋል። «ክሎሪን» ነው የሚሏት። የሰው ኃይል ክፍሉ እንኳ የዓመት ፈቃዷን ሊጽፍ ሲል እስክሪብቶውን አንስቶ ለአፍታ ያስባል። እሷም ለምዳዋለች፤ ደረጃ ላይ «ክሎሪን!» ሲሏት «አቤት» ትላለች።

ላቦራቶሪዋ ከሕንጻው ጀርባ፣ በጋራዡና የተሰበሩ ወንበሮች በሚጣሉበት ክፍል መሃል የተሰነቀረች ጠባብ ክፍል ናት። በየቀኑ ጠዋት ከከተማው ቧንቧዎች የተቀዳ ውሃ በጠርሙስ ይመጣላታል። ድፍርስነቱን ታያለች፣ ክሎሪኑን ትለካለች፣ ውጤቱን ጽፋ ወደ ላይ ትልካለች። ላይ ያሉት ያነቡታል ብላ ካሰበች ዘመናት አልፈዋል። ውሃ በጠፋባቸው ሰፈሮች ጠርሙሱ ባዶውን ይመለሳል። ባዶ ጠርሙስ ውስጥ ደግሞ ጀርም አይገኝም፤ ስለዚህ በመሥሪያ ቤቱ ዓመታዊ ሪፖርት ላይ «ብክለት ያልተገኘበት» ተብሎ ይገባል። ድርቁ በባሰበት ዓመት መሥሪያ ቤቱ በውሃ ጥራት ተሸልሟል።

አንድ ቀን ጠዋት ዋና ሥራ አስኪያጁ አስጠራት። ሰውየው ሰፊ ነው፤ ወንበሩም ሰፊ፣ ጠረጴዛውም ሰፊ፣ ንግግሩም ሰፊ።

«እህቴ፣ ኬሚስትሪ ታውቂያለሽ አይደል?» አላት።

ከኮሌጅ ወጥታ ጸጉሯ እስኪሸብት በኬሚስትነት የሠራችበት መሥሪያ ቤት ነው። «ትንሽ ትንሽ» አለች።

«ደግ። አዲሱ ሕንጻ ሲመረቅ በሩ ላይ ሐውልት እናቆማለን። የሰው ሐውልት እንዳንል ማን ይቁም ማን ይቅር ሲባል ጠብ ያመጣል። እንስሳም እንዳንል ሰው ነገር ያገኝበታል። ስለዚህ የውሃ ሞለኪውል ይሁን ብለናል። እሱን የሚቀየመው የለም። ኮሚቴው ውስጥ ግቢና ቅርጹን አምጪልን።»

ክሎሪን ደረጃውን እንዴት እንደወረደችው አታውቅም። በዚያ ሕንጻ ውስጥ ስለ ኬሚስትሪ ሲጠይቃት ይሄ የመጀመሪያው ሰው ነው።

እሑድ ረፋዱ ላይ ወጥ ቤት ገብታ አንድ ትልቅ ድንችና ሁለት ሎሚ መረጠች፤ በስቴኪኒ እየወጋች ሎሚዎቹን ድንቹ ላይ ሰካቻቸው። ባሏ ልብስ ሰፊ ነው። ከሳሎኑ የስፌት መኪናውን አቁሞ አንገቱን አሰገገ።

«ምነው ድንቹን ጆሮ አወጣሽለት?»

«ውሃ ነው» አለችው። «ድንቹ ኦክስጅን፣ ሎሚዎቹ ሃይድሮጅን።»

«ለምን ግራና ቀኝ ቀጥ አድርገሽ አልሰካሻቸውም? ያምር ነበር።»

ይሄን ጥያቄ ስትጠብቅ የኖረች ይመስል ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ኦክስጅን በውጭኛው ዙሩ ስድስት ኤሌክትሮን አለው። አንዱን አውጥቶ ከዚህኛው ሃይድሮጅን ጋር ይጋራል፤ ይሄኛውም የራሱን አንድ ያዋጣል። እንደዛ ሲጋሩ ነው የሚተሳሰሩት። ከዚያኛውም ጋር እንደዚሁ። ኦክስጅኑ ስንት ቀረው?»

«አራት።»

«አራቱ ሁለት ሁለት ሆነው ይቀመጣሉ። ከማንም ጋር አይጋሩም፤ ግን ቦታ ይፈልጋሉ። ከሚጋሩት በላይ ይፈልጋሉ። ስለዚህ እየገፉ ሃይድሮጅኖቹን ወደዚህ ወደ አንድ ወገን ያቀራርቧቸዋል። መቶ አራት ተኩል ዲግሪ ላይ ይቆማሉ።»

ባሏ መቁረጫ መቀሱን እያወዛወዘ አሰበ። «አውቶቡስ ላይ እግሩን በርግዶ እንደሚቀመጠው ሰውዬ በይኛ። ሌሎቻችን ጥግ ይዘን እንጨናነቃለን።»

«ልክ እንደሱ።»

«ገባኝ» አለና ወደ መኪናው ተመለሰ። ክሎሪን ባሏ ከገባው ኮሚቴው የማይገባው ምን አለ ብላ ድንቹን በፌስታል ጠቅልላ አስቀመጠችው።

ኮሚቴው አራት ሰው ነበር፤ ሥራ አስኪያጁ፣ መሐንዲሱ፣ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊዋና ክሎሪን። ሰኞ ዕለት በትልቁ የስብሰባ ጠረጴዛ መሃል ድንቹ ተቀመጠ።

ሥራ አስኪያጁ ዙሪያውን አየው። «ምነው ጎበጠ? መንገድ ላይ ነው የተጣመመብሽ?»

«አይ፣ ሲፈጠርም እንዲሁ ነው።»

«አይጥ ይመስላል» አለች የሕዝብ ግንኙነቷ፤ ወጣት ናት፣ ስልኳን ከእጇ አታወርድም። «እትዬ፣ እውነት አይጥ አይመስልም? ፎቶ ላይ አያምርም።»

ክሎሪን እንደ እሑዱ አስረዳች። ኤሌክትሮኖቹን ቆጠረች፣ የሚጋሩትንና የማይጋሩትን ለየች። ሥራ አስኪያጁ እጁን አነሳ።

«ቆይ። እነዚህ አራቱ ሥራ የላቸውም?»

«ትስስር ውስጥ አይገቡም።»

«ሥራ ከሌላቸው ለምን ሰፊውን ቦታ ያዙ? እንዲህ ያለ አሠራርማ እኛ ጋ አይፈቀድም!»

መሐንዲሱን ሳል ያዘው። ከሥራ አስኪያጁ ቢሮ ፊት ለፊት ያለውን ሰፊ ክፍል የያዙት ሁለት አማካሪዎች የሥራ አስኪያጁ ሚስት ወንድሞች ናቸው፤ አንድም ቀን ሲያማክሩ ያያቸው የለም። ሳሉ አልለቅ ሲለው መሐንዲሱ ውሃ ጠየቀ። ጠረጴዛው ላይ ያለው ጆግ ባዶ ነበር።

«የኛ መሪ ቃል ምንድነው?» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ቀጥተኛ አገልግሎት! በር ላይ ጎባጣ ነገር አቁመን ቀጥተኛ ነን ብንል ማን ያምነናል? ቀጥ አድርጉት።»

«ቀጥ ካለ ውሃ አይሆንም» አለች ክሎሪን። ድምፅዋ ከፍ ማለቱ ራሷንም አስደነገጣት። «ጎባጣ በመሆኑ ነው አንዱ ወገኑ ወደ ፖዘቲቭ፣ ሌላው ወገኑ ወደ ኔጌቲቭ የሚያደላው። በዚያ ነው አንዱ ሞለኪውል ሌላውን የሚስበው። ቀጥ ቢል ኖሮ የሚያያይዛቸው ነገር ይላላና ውሃ እዚህ ክፍል ውስጥ ጋዝ ይሆን ነበር። ብን ብሎ ይጠፋል።»

«አሁንስ መቼ ቧንቧ ውስጥ አገኘነው?» አለ መሐንዲሱ።

የሕዝብ ግንኙነቷ ልታስታርቅ ፈለገች። «እትዬ፣ ለምን መቶ አርባ ላይ አንስማማም? አንቺም ትንሽ ከፍ በይ፣ እሳቸውም ትንሽ ዝቅ ይበሉ።»

«ሽንኩርት እየገዛን እኮ አይደለም!»

«በቃ» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ «እኛ በዴሞክራሲ ነው የምንሠራው። ቀጥ ይበል የምትሉ?»

ሦስት እጅ ወጣ። የምትቃወሙ ሲባል የክሎሪን ብቻ ወጣና ወረደ። ውሃ በድምፅ ብልጫ ቀጥ አለ። ድንቹን ይዛ ተመለሰች፤ ቤት ስትደርስ ላጠችውና ቀቀለችው።

በሁለተኛው ስብሰባ ተራው የመሐንዲሱ ሆነ። ንድፉን ዘርግቶ «ችግር አለ» አለ። «ግራና ቀኝ ያሉት ትናንሽ ኳሶች ከመንገድ አይታዩም። እንደ መሃለኛው ትልቅ ይሁኑ። ትልቅ ከሆኑ ደግሞ ይከብዳሉ፤ አንድ ብረት አይሸከማቸውም። በየጎኑ ሁለት ሁለት ብረት ጎን ለጎን ብናደርግላቸው ይሻላል።»

«ይደረግ» አለ ሥራ አስኪያጁ። ክሎሪን መጽሔት የምታገላብጥ ይመስል ንድፉን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ ስታየው አንድ ነገር ውል አለባት፤ ግን ገና አልጠራላትም።

የጠራላት በሦስተኛው ስብሰባ ነው። የዚያን ቀን አጀንዳው ቀለም ነበር። ኦክስጅን በየመማሪያ መጽሐፉ ቀይ፣ ሃይድሮጅን ነጭ እንደሚሣል እንኳን ክሎሪን፣ የሕዝብ ግንኙነቷም ከስልኳ አንብባ ደርሳበታለች። ሥራ አስኪያጁ ግን ነጭ አልወደደም።

«ነጭ በዚህ አቧራ በሳምንቱ ቡኒ ይሆናል። ጎንና ጎን ያሉት ቀይ ይሁኑ፤ ቀይ ከሩቅ ይጣራል።»

«መሃሉም ቀይ ከሆነ ይዋዋጣል» አለች የሕዝብ ግንኙነቷ።

«መሃሉ ጥቁር ይሁናላ። ጥቁር ግርማ ሞገስ አለው። መኪናዬም ጥቁር ናት።»

የክሎሪን እስክሪብቶ ከእጇ ወደቀ። በመሃል ጥቁር፣ በግራና በቀኝ ቀይ፣ በየጎኑ ድርብ ብረት፣ ፍጹም ቀጥ ያለ። ሦስት ሰዎች ሦስት ስብሰባ ሙሉ ውሃን እያሻሻሉ፣ አንዲት ነገር ሳይስቱ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሠርተዋል። ከአፍ የሚወጣ ትንፋሽ፤ ከመኪና ጭራ የሚወጣ ጭስ።

«ክሎሪን፣ ተቃውሞ አለሽ?»

ጎንበስ ብላ እስክሪብቶዋን አነሳች። «የለኝም» አለች።

ማታ እራት ላይ ለባሏ ስትነግረው እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እሱ ግን ፈገግ ብቻ አለ።

«አትነግሪያቸውም?»

«ስነግራቸው መቼ ሰሙኝ?»

«ተይ አንቺ። እኔ ደንበኛ ተሳስቶ ያዘዘኝን እጅጌ ብሰፋለት፣ ሰው የሚለው ‹ማን ሰፋው?› ነው እንጂ ‹ማን አዘዘው?› አይደለም። ነገ የሚያላግጡት በማን ነው? በኬሚስቷ ነው።»

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁን ደረጃ ላይ ጠበቀችው።

«ስለ ሐውልቱ አንድ ነገር ልነግርዎት ነበር።»

«ስለ ማዕዘኑ ከሆነ ዘግተነዋል።»

«ስለ ማዕዘኑ አይደለም። ማዕዘኑማ አሁን ልክ ሆኗል። ነገር ግን...»

«በይ እንግዲህ!» አለና ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። «ቀስ እያለ ይገባሻል ብዬ አልነበር?» ወደ ጥቁሯ መኪናው እየተጣደፈ ወረደ። እሷም ሮጣ አልተከተለችውም። እውነቱን ለመናገር፣ ላለመከተል ምክንያት በማግኘቷ ደስ ብሏታል።

ሐውልቱ ቆመ። የመንገዱ ሰው ሁለት ቀይና አንድ ጥቁር ኳስ በወፍራም ብረት ተያይዘው ሲያይ ክብደት ማንሻ ነው ብሎ ደመደመ። ሰፈሩ ሁሉ ሕንጻውን «ጂሙ» ይለው ጀመር። አንድ ደረተ ሰፊ ጎረምሳ ፎጣውን በትከሻው ጣል አድርጎ መጥቶ ዘበኛውን «ምዝገባ መቼ ነው?» ቢለው፣ ዘበኛው ቅሬታ የሚመዘገብ መስሎት ወደ ጓሮ፣ ወደ ቅሬታ ሰሚው ላከው። ጎረምሳው ከሰልፉ መጨረሻ ቆሞ ግማሽ ቀኑን አባከነ።

የምርቃቱ ዕለት ድንኳን ተተከለ፣ ምንጣፍ ተነጠፈ፣ ሐውልቱ ዙሪያ አዲስ ሣር ለመለመ። የክብር እንግዳው በዕድሜ የገፉ፣ ቀስ ብለው የሚራመዱ ሰው ናቸው፤ እንደ ሌሎቹ እንግዶች አጨብጭበው የሚያልፉ መስሎ ነበር። ሐውልቱ ለዕለቱ የለበሰው መጋረጃ ሲገለጥ ግን መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉና ጠየቁ።

«ይሄ ጥቁሩ ምንድነው?»

ሥራ አስኪያጁ ወደ መሐንዲሱ አየ። መሐንዲሱ ወደ ሕዝብ ግንኙነቷ። እሷም ወደ ስልኳ። «እሱን... ባለሙያዋ ታብራራለች» አለ ሥራ አስኪያጁ፤ ማይክሮፎኑም ከእጅ እጅ ሲተላለፍ መጥቶ ክሎሪን ጋ ደረሰ።

ኦክስጅን ነው ብትል የሚከራከራት አልነበረም፤ ማጨብጨብ ነው። ከኋለኛው ረድፍ ባሏ ራሱ የሰፋውን ኮት ለብሶ ተቀምጧል። እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ እያያት ነው፤ ፊቱ ላይ ምንም የለም።

«ጥቁሩ ካርቦን ነው» አለች። ማይክሮፎኑ አንዴ ጮኸና ዝም አለ። «ቀዮቹ ኦክስጅን ናቸው። ካርቦን የሚጋራው አራት ኤሌክትሮን አለው። ሁለቱን ለዚህኛው ኦክስጅን፣ ሁለቱን ለዚያኛው ያዋጣል፤ ለዚህ ነው በየጎኑ ሁለት ሁለት ብረት የምታዩት። ሁሉንም ስላዋጣ ለራሱ ያስቀረው የለም። መሃል ላይ ሥራ ፈትቶ ቦታ ይዞ ሌላውን የሚገፋ ጥንድ ስለሌለ፣ ሁለቱ ጎኖች የቻሉትን ያህል ይራራቃሉ። ቀጥ ያለው ለዚህ ነው። ቅርጹም፣ ቀለሙም፣ ትስስሩም አንዳች ስሕተት የለበትም።» ወደ ሐውልቱ ዞረች። «ስሙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይባላል።»

ድንኳኑ በጭብጨባ ተናጋ። ሥራ አስኪያጁም አጨበጨበ፤ ስሕተት የለበትም የሚለውን ሰምቶ የቀረውን አልሰማም። የክብር እንግዳው ብቻ እጃቸውን ሳያንቀሳቅሱ ቆዩ።

«ታዲያ ውሃው የት አለ?» አሉ።

ሥራ አስኪያጁ ነቃ። ለዚህ ጥያቄ መልስ ሲሰጥ ዓመታት አልፈዋል፤ ከአፉ ለማውጣት ማሰብም አላስፈለገው።

«ውሃው በሁለተኛው ምዕራፍ ነው፣ ክቡርነትዎ።»

በማግስቱ ክሎሪን ቢሮው ስትጠራ ጋውኗን አውልቃ፣ ቦርሳዋን ይዛ ነው የወጣችው፤ ከዚያው ወደ ቤቷ ልሂድ ብላ። ሥራ አስኪያጁ ፊቱ እንደ ሐውልቱ ጫፍ ቀልቷል።

«አዋረድሽኝ! የውሃ መሥሪያ ቤት በር ላይ ጭስ ቆሟል እየተባለ ነው! ዝም ብለሽ እያየሽ...»

«ዝም ብዬ ማየቴ ጥፋቴ ነው» አለች። «ልክ ነዎት። በሦስተኛው ስብሰባ ላይ መናገር ነበረብኝ። ግን በመጀመሪያው ላይ ተናግሬ ነበር።»

ሊመልስላት ሲል ስልኩ ጮኸ። አነሳው። መጀመሪያ ተኮሳተረ፣ ቀጥሎ ቅንድቡ ወጣ፣ ቀጥሎ ከወንበሩ ተነሳ። ከአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ነበር። ስለ አየር ብክለት ሕዝብን ለማስተማር ካርቦን ዳይኦክሳይድን በአደባባይ ያቆመ የመጀመሪያው ተቋም በመሆናቸው ምስጋና ሊሰጡ ነው።

«አዎ... አዎ... ከመነሻውም ሐሳቡ የኔ ነበር» ይል ነበር ሥራ አስኪያጁ። «ጥቁሩንማ ራሴ ነኝ የመረጥኩት!»

ስልኩን ሲዘጋ ንዴቱ የት እንደገባ አይታወቅም። «ቁጭ በይ እንጂ እህቴ፣ ምን ያስቆምሻል? እንግዲህ ክቡርነታቸው ፊት ሁለተኛ ምዕራፍ ብዬ ተናግሬያለሁ። ውሃውን አንቺ ትመሪዋለሽ። ኮሚቴ አዋቅሪና...»

«ኮሚቴ ካለ አልገባበትም።»

«ያለ ኮሚቴ እንዴት ይሆናል?»

«ማዕዘኑ አንድ ነው። እጅ የሚወጣበት ነገር የለውም።»

ትንሽ አመነታ። «እሺ። ግን በር ላይ ቦታ የለም። ጓሮ ይሁን፣ ቅሬታ ሰሚው ጋ።»

ክሎሪን ጓሮ መሆኑ አልከፋትም። በየቀኑ ከብየዳ ቤቱ አልጠፋ ብላ፣ ከልጅነቷ የቀረውን የትምህርት ቤት ማዕዘን መለኪያ ፕሮትራክተር እያስጠጋች፣ በያጁ «በቃ እትዬ፣ ገባኝ» እስኪላት ድረስ አሠራችው። አንድ ትልቅ ቀይ፣ ሁለት ትናንሽ ነጭ፣ በነጠላ ብረት፣ ጎበጥ ያለ። ሲያልቅ ራቅ ብላ አየችው። እውነትም ትንሽ አይጥ ይመስላል። ቢሆንም ወደደችው።

ሐውልቱ የሚመጣበት ቀን ሰፈሩ ውሃ ካጣ ሰንብቷል። የጭነት መኪናው በጠባቡ የጓሮ መንገድ ሲገባ ከላይ የተቀመጠው ጫኝ መንገድ ሊያስለቅቅ በሙሉ ድምፁ ጮኸ።

«ውሃው መጣ! ክፈቱ፣ ውሃው መጥቷል!»

ከዚያ በኋላ የሆነውን የሚቆጣጠረው ሰው አልነበረም። መስኮቶች ተከፈቱ፣ በሮች ተንጓጉ፤ ሰው ጀሪካኑን፣ ባልዲውን፣ ያገኘውን ሁሉ አንጠልጥሎ ግር ብሎ ወጣ። መኪናው ጓሮው ውስጥ ቆሞ ሸራው ሲገለጥ ግቢው በጀሪካን ተሞልቷል። ከፊት የቆሙት አንዲት አሮጊት ናቸው፤ በክርናቸው እየተጋፉ ነው አንደኛ የወጡት።

«የታል?» አሉ።

«እማማ፣ ይሄ ሐውልት ነው» አለች ክሎሪን። «የውሃ ሐውልት።»

አሮጊቷ ቀዩንም ነጮቹንም በየተራ አዩ። «ሐውልት የሚቆመው ለሞተ አይደለም እንዴ? ሞተ በይና ቁርጣችንን እንወቅ!»

ከኋላ ያለው ሳቀ። ክሎሪን ግን አልሳቀችም። ስለ ማዕዘኑ ልታስረዳ የተዘጋጀችውን ሁሉ ተወችው። ባዶ ጀሪካኖቹን አየች፤ በየጠዋቱ የሚመለሱላትን ባዶ ጠርሙሶች ስትቀበል የኖረች ሴት ናት፤ ጠርሙሶቹ በሚመጡባቸው ሰፈሮች የሚኖሩት ሰዎች ግን ፊት እንዳላቸው እስከዚያች ቀን በወጉ አላሰበችበትም። ጣሪያው ላይ የመሥሪያ ቤቱ መጠባበቂያ ታንከር አለ። ጠዋትና ማታ የፊት ለፊቱን ሣር የሚያጠጡት በሱ ነው። ጥራቱን ራሷ ስለምትለካው ሙሉ መሆኑንም ታውቃለች።

ወደ ሕንጻው ፊት ሄደች፣ የማጠጫውን ጎማ ከሣሩ ላይ ሰብስባ እየጎተተች አመጣችው፣ ቧንቧውን ከፈተች። ጎማው ተንፈራገጠ፣ አየር ተፋ፣ ከዚያ ውሃው ፈንድቶ ወጣ።

ዘበኛው እየሮጠ መጣ። «ሣሩስ? ሣሩ እኮ ይደርቃል!»

«ይድረቅ» አለችው። «ሰልፉን ያዝልኝ፤ እንዳይገፋፉ።»

ዘበኛው ወደ ላይ፣ ወደ ሥራ አስኪያጁ መስኮት አየ፤ ወደ ሕዝቡም አየ፤ ሕዝቡ ይበዛ ነበርና ሰልፉን ያዘ።

ከላይ መስኮቱ ተከፈተ። ሥራ አስኪያጁ ግቢውን ቁልቁል አይቶ ሊጮህ አፉን ከፍቶ ነበር፤ ከዚያ ያን ሁሉ ሰው ከአዲሱ ሐውልት ሥር ሲያይ ሌላ ነገር መጣለት። ብዙም ሳይቆይ የሕዝብ ግንኙነቷ ስልኳን ከፍ አድርጋ እየሮጠች ወረደች።

«ቆንጆ! እትዬ፣ ጎማውን ወደ ሐውልቱ ጠጋ አድርጊው። እማማ፣ እርስዎ ደግሞ ጀሪካኑን ያዙና ወደዚህ ፈገግ ይበሉ!»

አሮጊቷ ዓይናቸውን ከጀሪካኑ አፍ አልነቀሉም።

«መጀመሪያ ይሙላ» አሉ። «አንቺም ልጄ፣ አየሽ፣ እየፈሰሰብን ነው። አቅኚው።»

ክሎሪን ጎማውን አቀናች።